የአጎቴ የማይለወጥ ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ አባታችን ከሞተ በኋላ እኔንና ታላቅ እህቴን አስቴርን ጂንካ ቤቱ ወስዶ ያሳደገን አጎታችን ማታ ማታ ተረት ይነግረን ነበር። የቡና ገለባ የሚፈላበት የሸፈሮ ማሰሮ ፍሙ ላይ ይንተከተካል፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን ይለበልባል፣ እሱም ጉሮሮውን ጠራርጎ ይጀምራል። ያኔ ቤታችን አንድ ሕግ ነበረው፤ የሸፈሮው መጠጫ ቅል እጁ የገባ ሰው ሲናገር ማንም አያቋርጠውም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ ቅሉንም አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው እሱ ነበር።

የሚወደው ተረት፣ ልጁ እግሩ ላይ ወድቃ ብታለቅስ እንኳ ቃሉን ስላላጠፈ ንጉሥ ነው። ሲጨርስ፣ «ይህ በእንግሊዝኛ ኮንስታንሲ ይባላል፤ አለመለወጥ ማለት ነው። ለድንጋይ አይነገርም፣ ለወንድ ልጅ እንጂ» ይለናል። አስቴር አርባ ምንጭ ሄዳ መምህርነት የመማር ዕድል ስታገኝ፣ «ሴት ልጅ ሳትዳር ከቤቴ አትወጣም፤ ቃሌ አንድ ነው» አላት። እሷ ስታለቅስ እሱ ሸፈሮውን ፉት ይል ነበር። ያኔ ናቅሁት።

በሳምንቱ አዲሱ የመሥሪያ ቤት አለቃው ለእራት መጣ። ሰውየው ሴት ልጁን አዲስ አበባ እንደሚያስተምር ሲያወራ፣ አጎቴ ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ አንገቱ ሊቀነጠስ ምንም አልቀረው። ከዚያ ያንኑ ተረት ጀመረ። የዚያን ማታ ግን ንጉሡ ራራ፣ ቃሉን አጠፈ፣ ሕዝቡም እልል አለ!

አስቴር ለእንግዳው ልታቀብል የያዘችውን ቅል ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ትናንት ንጉሡ አልራራም ነበር። ዛሬ ከራራ፣ እኔንስ አርባ ምንጭ ይልኩኛል?»

አጎቴ አፉን ከፈተ፤ ቅሉን አየና መልሶ ዘጋው። አለቃው ሳቀ። «እውነቷን እኮ ነው፤ ምን ትላለህ?»

«እሱማ ድሮም የወሰንኩት ነው» አለ አጎቴ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

ሄደች። ዛሬ ወይጦ ከተማ ታስተምራለች። እሱ አርጅቶም እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ቃሌ ተለውጦ አያውቅም» ይላል።

እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረኝ ንጉሡ ሳይሆን ቅሉን ጨብጦ የማይለቀው የእህቴ እጅ ነው። «ኮንስታንሲ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼ ምሳሌ ሲጠይቁኝ ግን የሚመጣብኝ አጎቴ ነው። ለአለቃ ያጎነብሳል፣ በልጅ ላይ ይደነፋል፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተለወጠም።