አራተኛ የወጣሁበት ኬሚስትሪ

በእኛ ቤት «አዎ» ከአፍ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። እናቴ አንድ ነገር ስትጠየቅ ትንፋሿን ባጭሩ ሳብ ታደርጋለች፤ መልሱ ያ ነው። ጎጆ ከተማ ያሉት አክስቶቼም፣ አምቦ የሰፈራችን ሴቶችም እንደዚያው ናቸው። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ዓይን አፋር ስለነበርኩ ትንፋሼ ራሱ አይሰማም። አባቴ «ይቺ ልጅ አዎ ማለቷን ለማወቅ ትከሻዋን ማየት ነው» ይል ነበር።

ይህንኑ ልማድ ይዤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ፍላጎቴ ሕክምና መማር ነበር። ሕክምና ግን በቀጥታ አይገባም፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከሌሎች የሳይንስ ተማሪዎች ጋር ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተምረን፣ በዓመቱ መጨረሻ ባገኘነው ውጤት እናመለክታለን።

የኬሚስትሪ ላብራቶሪ መምህራችን የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ደግ፣ ግን ችኩል። አምቦ ስማር የላብራቶሪ ዕቃ ያየሁት በተቆለፈ ቁምሳጥን መስታወት በኩል ብቻ ስለነበር፣ ጠብታ የሚያወርደውን ረጅም የመስታወት ቱቦ በያዝኩ ቁጥር መክፈቻውን በየት በኩል እንደማዞር ይጠፋኛል። የቃል ፈተና በነበረን ዕለት መምህሩ አጠገቤ መጥቶ የፈሳሹ ቀለም ተለውጦ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ተለውጧል። ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። ደግሞ ጠየቀኝ። አሁን ጠንከር አድርጌ ሳብኩ። ሰውየው የአሲዱ ሽታ ያፈነኝ መስሎት ደነገጠና መስኮቱን ከፈተ፤ ወንበር አመጣልኝ፤ ውኃ አስጠጣኝ። ጓደኞቼ በሳቅ ሲፈርሱ እኔ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ የፈተናው ሰዓት አለቀ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ለዕረፍት አምቦ ተመለስኩ። ኬሚስትሪ ዲ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ ሲ ነበር ያገኘሁት። አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ሲሰማ የውጤት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ድንች ትልጥ የነበረችው እናቴ ግን ቀና አለች።

«ዲ ማለት ከላይ ሲቆጠር ስንተኛ ናት?»

«አራተኛ» አልኳት።

«ፊዚክሱስ?»

«ሲ ነው። ሦስተኛ።»

«ሦስተኛና አራተኛ ወጥታ ነው እንዲህ ፊቷን የጣለችው?» አለች ወደ አባቴ ዞራ። «እዚህ አንደኛ መውጣት ለምዳ እኮ ነው። አዲስ አበባ ስንት ልጅ አለ፤ ሁሉን ልትበልጥ ኖሯል?»

አባቴ የተላጠውን ድንች አንስቶ ማጠብ ጀመረ። እሷም በማግስቱ ገበያ ወጥታ ላገኘችው ሁሉ ተናገረች፤ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሳይቀር። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግንባሬን እየሳሙ «ኬሚስትሪ አራተኛ ወጣሽ አሉ» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ትንፋሼን ሳብ አደርጋለሁ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ላብራቶሪ ላይ ከአንዲት የጉደር ልጅ ጋር ተመደብኩ። እሷ የሚያስፈራት ሰው የለም የምትባል፣ ያልገባትን ሁሉ ጮክ ብላ የምትጠይቅ ነበረች። መጀመሪያ በእሷ ጥያቄ ተጠቀምኩ፤ ቀስ በቀስ በራሴም መጠየቅ ጀመርኩ። ውጤቴ ተሻሻለ። ያ ዲ ግን አማካዩን ወደ ታች እንደጎተተው ቀረ።

የትምህርት ክፍል ምርጫ ጊዜ ሲደርስ ለመማከር አምቦ መጣሁ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሕክምናን አንደኛ ምርጫዬ አድርጌ ካልተቀበሉኝ፣ ባዮሎጂም ሌላውም እስከዚያ ይሞላል፤ ሰው ያልፈለገው ክፍል ይደርሰኛል። ባዮሎጂን ካስቀደምኩ ደግሞ ሕክምናን ለዘለዓለም ተውኩት ማለት ነው። አባቴ ይህንን ለእናቴ ለማስረዳት እውነቱን መናገር ነበረበት።

«ስሚ» አላት። «ዲ ደረጃ አይደለም። ከዲ በታች ያለው መውደቅ ነው።»

እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች።

«ከታች ነው የሚቆጠረው በለኛ፣ ባርሲሳ።» ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ አባቴን የምትጠራው እንዲህ ነበር።

«እንደሱ ነው።»

«ታዲያ ወድቃለች?»

«አልወደቀችም።»

«ካልወደቀች ቆማለች። የቆመ ሰው ደግሞ ይሄዳል። ሕክምና ብለሽ ሙዪ» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብቻዋን ትስቅ ጀመር። «አይ ጉዴ። ገበያውን ሁሉ እኮ አዳረስኩት።»

ሕክምና ብዬ ሞላሁ። ውጤታቸው አጠራጣሪ የሆነ አመልካቾች ለቃለ መጠይቅ እንደሚቀርቡ ተነገረን፤ እኔም ከተጠሩት አንዷ ነበርኩ። አባቴ ይህን ሲሰማ ሌላው ሁሉ ይቅርና ድምፅ እንዳወጣ ያለማምደኝ ጀመር። እሱ የግቢው በር ላይ ይቆማል፤ እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ። ከዚያ ሆኖ በእንግሊዝኛ ስሜን ይጠይቀኛል። ካልሰማኝ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ደግሞ ይጠይቀኛል። ዶሮዎቹ መሀላችን ይተራመሳሉ።

ጎረቤታችን፣ ከጤና ጣቢያ ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ በመጨረሻ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ባርሲሳ፣ የገዛ ልጅህን ስም ስንት ጊዜ ትጠይቃለህ? ኢንታላ ኬ ሚቲ?» ልጅህ አይደለችም ወይ ማለታቸው ነው። «ከጠፋህ እኔ ልንገርህ። ሰፈሩ ሁሉ ይዞታል።»

ቃለ መጠይቁ የተደረገው በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ሦስት ሐኪሞች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። መሀል ያሉት ሽበታም ሐኪም ስሜን ጠየቁኝ፤ እኔም አባቴ እንዳስለመደኝ ከወጥ ቤት እስከ ግቢ በር በሚደርስ ድምፅ መለስኩ። ጸሐፊዋ ምን ተፈጠረ ብላ በሩን ከፈተች።

«እዚሁ ነን፣ ልጄ» አሉ ሽበታሙ። «ኬሚስትሪ ላይ ምን ገጥሞሽ ነው?»

የመስኮቱንና የወንበሩን ነገር ነገርኳቸው። ሁለቱ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ይሄ የአንድ ቀን ፈተና ነው። በአንድ ቀን ፈተና ዲ አይመጣም። ሌላውስ?»

ይህንን ከአባቴ ጋር አልተለማመድነውም። ጠረጴዛውን እያየሁ፣ «ሌላው አልገባኝም ነበር» አልኩ። «ያልገባኝን መጠየቅ መምህሩን አላስተማርክም እንደማለት ይመስለኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን እጠይቃለሁ።»

«እስቲ እኔን ጠይቂኝ።»

ሦስቱም ጠበቁኝ። ከጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉም ነገር ጠፋ፤ የቀረው እውነተኛ ጥያቄዬ ብቻ ነበር።

«ኬሚስትሪውን እንደገና ብማር ትቀበሉኛላችሁ?»

ሽበታሙ ሐኪም ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዩ። «እሱን እንነጋገርበታለን» አሉና አሰናበቱኝ።

ተነጋግረውበትም ነበር። ሕክምና የሚቀበለኝ በክረምቱ ኬሚስትሪውን እንደገና ወስጄ በጥሩ ውጤት ካለፍኩ እንደሆነ ተነገረኝ። ሌሎች ተማሪዎች ለክረምት ወደየአገራቸው ሲበተኑ እኔ ልብስና ብርድ ልብስ ልወስድ ብቻ አምቦ መጣሁ።

«ያለፈችውን ትምህርት ለምን ይደግሟታል?» አለች እናቴ። አባቴ ሊያስረዳት ሲጀምር በእጇ አስቆመችው። «ተወው፣ ገብቶኛል። ያልወደዷትን ልጅ ተመለሽ አይሏትም።»

አባቴ አላረማትም። እኔም ትክክል ትሁን አትሁን እስካሁን አላውቅም። ዝናቡ ጋብ ሲል ብርድ ልብሴን በገመድ አሰሩልኝና ሁለቱም መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ።