እናቴን ይዤ የወረድኩበት ቀን
እናቴ ሥራዬን መፍራት እንድትተው ብዬ አንድ ቀን ይዣት በረርኩ። ቴፒ አጠገብ ላለ የቡና እርሻ ከሰማይ ፎቶ የማነሳባት አውሮፕላን ክንፏ ሸራ፣ ጎማዋ ሦስት ነው፤ ግድግዳም ጣሪያም የላትም። እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ጫካውን እያየች፣ "ይሄ ሁሉ ቡና ነው?" ትለኝ ነበር። ደስ ብሏታል።

ስንመለስ ነፋሱ ከጎን ተነሳ። እንዲህ ሲሆን የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ በጎን እየሄዱ መውረድ ነው። ገና አየር ላይ ሳለ በግድ ላቃናት ያለ ሊገለበጥ ይችላል።

"ሜዳው በዚያ በኩል ነው እኮ" አለችኝ።

"አይቼዋለሁ እማዬ። ነፋሱ ነው።"

መሬት ልነካ ስል አንዱ ክንፍ ተነሳብኝና መልሼ ወደ ላይ ወጣሁ። እናቴ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ጸሎቷ በጆሮ ማዳመጫው ይሰማኛል። በሁለተኛው ሙከራ ጎማዎቹ ሣሩን ነክተው በኃይል ወደ ፊት ተቃኑ፤ ተንገጫግጨን ቆምን።

ቀበቶዋን ፈትቼ አወረድኳት። ቀና ብላ ክንፉን አየች።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትወርደው?"

"አልፎ አልፎ ነው" አልኳት። የዝናቡ ወቅት ሊገባ ሲል ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል።

እስከዚያ ቀን የምትፈራው ከፍታውን ብቻ ነበር። አሁን በምትኖርበት በሚዛን ከተማ፣ ጓሮዋ ያለው የሙዝ ቅጠል በተወዛወዘ ቁጥር ትደውልልኛለች። የሚዛንና የቴፒ ነፋስ አንድ እንዳልሆነ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።

"አውቃለሁ" ትለኛለች። "ወርደሃል ወይ?"