ግንበኛው ጸሐዬ በሙሻ ደሴት

ጸሐዬ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አባቱ ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው፣ የጣቢያ ግንብ ሲጠግኑ ኖረው እዚሁ ጅቡቲ ያረፉ ግንበኛ ነበሩ። እሱም ካርቲየ 6 በሚባለው የከተማው ሰፈር ተወልዶ ያንኑ ሙያ ያዘ። በከተማው እጁ ያላረፈበት ሰፈር ጥቂት ነው። ባሕር ተሻግሮ ግን ሠርቶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አይናለም አስጠራችው። ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ሙሻ ደሴት ላይ ጣሪያው የወደቀ አሮጌ የድንጋይ ቤት ተከራይታ ነበር፤ በዕረፍት ቀናቱ፣ አርብና ቅዳሜ፣ ከከተማ ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ልታደርገው አስባለች።

«ሦስቱ ግድግዳ ይጠገናል፣ የባሕሩ ወገን ፈርሶ እንደገና ይሠራል። በወር ያልቅልኛል፣ ጋሽ ጸሐዬ?»

«ያልቃል» አላት።

ሙሻ ዝቅ ያለች፣ ነጭ ደሴት ናት። የሚጠጣ ውሃ የላትም፤ ሲሚንቶ የሚቦካበት ሳይቀር በጀሪካን ከከተማ ይመጣል። በስተደቡብ ሥሮቻቸውን ጨው ውሃ ውስጥ የዘፈቁ ዛፎች አሉ። ሲመሽ የቀንድ አውጣ ቀፎ የተሸከሙ ትናንሽ ሸርጣኖች ከአሸዋው ይወጡና ከሰው ምሳ የተረፈውን ይለቅማሉ። ቤቱን የሚጠብቀው ሁመድ የሚባል አፋር ሽማግሌ ነው። ጸሐዬ ከሰፈር ልጆች የለመደውን አፋርኛ ከሶማሊኛ እየቀላቀለ ያወራዋል። ሁመድ ከአያቱ የሰማውን ነገረው፦ ድሮ እንግሊዞች ይህችን ደሴት ከታጁራው ሱልጣን የገዟት በአሥር ጆንያ ሩዝ ነው ይባላል። ቤቱን ማን እንደሠራው ግን እሱም አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጸሐዬ መሰላል ይዞ ወደ ባሕሩ ወገን ግድግዳ ወጣ። አናቱ ላይ የእንጨትና የገመድ ክምር አገኘ። መሐሉ ላይ ቡናማ ነቁጥ ያለባቸው ሁለት እንቁላሎች ነበሩ። አንድ ዓሣ የሚያጠምድ ንስር ከላዩ እየዞረ ይጮህ ጀመር።

«ከዚህ እስኪሄዱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለው ሁመድን።

«ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለት ወር ግድም።»

ጸሐዬ ወረደ። ስለ ወፍ ግድ ሰጥቶት አያውቅም፤ ቤቱ ዶሮ እንኳን የለም። ሦስቱን ግድግዳ ጠገነ፣ አራተኛውን አልነካም። ወሩ ሲሞላ አይናለም በጀልባ መጣች።

«ይሄ ለምን ቆመ?»

አሳያት። እናቲቱ ጎጆው ላይ ተኝታ ነበር።

«ጋሽ ጸሐዬ፣ እኔ እንግዳ ተመዝግቦብኛል። ወዲያ ያንሱት።»

«እኔ አላነሳም፤ እጄ እሺ አይለኝም። ሌላ ሰው አምጪና አስነሺው፣ አልቀየምሽም።»

ሁመድን አየችው፤ እሱ ዓይኑን ወደ ጎጆው አነሳ። ወደ ጀልባዋ ተመለሰች። ሌላ ሰው ግን አልላከችም። ለእንግዶቹ እየደወለች ቀኑን አራዘመች፤ ሁለት ቤተሰብ ተቆጥቶ ተወው።

ጸሐዬ ከተማ ተመልሶ የሰው አጥር ሲሠራ ከረመ። አልፎ አልፎ ሁመድ ይደውልለት ነበር። ሁለቱም እንቁላሎች ተፈለፈሉ። መጋቢት ላይ ነፋስ ለሦስት ቀን ሲነፍስ አንዱ ጫጩት ወድቆ ሞተ። የተረፈው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በረረ።

ጸሐዬ ወደ ሙሻ ሄዶ ጎጆውን በእጁ አወረደ። ከእንጨቱ መሐል የመረብ ቁራጭና የልጅ የላስቲክ ጫማ ነበር። ክምሩን ሰው ወደማይደርስበት የደሴቱ ጫፍ ተሸክሞ ወሰደው። ለንስሮቹ ይጠቅማቸው እንደሆነ አያውቅም። ግድግዳውን በዘጠኝ ቀን ጨረሰ፤ ሙቀቱ ስለበረታ ከረፋድ በኋላ መሥራት አይቻልም ነበር።

አይናለም ቤቱን በመስከረም ከፈተች። ከጎኑ የሚሠራውን ማብሰያ ቤት ግን ሚናስ ለሚባል ሌላ ግንበኛ ሰጠችው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ጉዳዩን እሷው አነሳችው።

«ሥራዎን ጠልቼ አይደለም። ቀን የሚያከብርልኝ ሰው ፈልጌ ነው።»

«ልክ ነሽ» አላት ጸሐዬ፣ የልቡን።

አሁን ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ የመጋዘን አጥር እየገነባ ነው። ሁመድ አሁንም ይደውልለታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነው።