ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት

ያን ክረምት «ተቀመጪ» የሚለውን ቃል የሰማሁትን ያህል የራሴን ስም አልሰማሁም። ውሃ ልቀዳ ስነሳ «ተቀመጪ!» መስኮት ልዘጋ ስነሳ «ኧረ ተቀመጪ በሞትኩት!» የባሌ እናት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ለደንበኛ ጨርቅ እየለኩ እንኳ ወንበሬ ሲንቋቋ ይሰሙታል። መኖሪያችን ከሱቃቸው ጀርባ ነው፤ በመካከላችን ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ባሌ ፎንቆ ከተማ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ እኔና እማማ፣ እኔና ወንበሩ ነን።

እኔ ደግሞ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ እንኳ ቆሜ፣ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው የማስተምረው። ያን ክረምት እግሬ ይበላኛል፣ ወገቤ ይቆረጥማል፣ ሐሳቤ አንድ ቦታ አልረጋ ይላል። እማማ ዞር ሲሉልኝ ከአልጋው እስከ በሩ እመላለሳለሁ። ዘጠኝ እርምጃ ነው። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ከእኔ የበለጠ ይንቀሳቀስ ነበር።

ለምን እሺ ብዬ እንደተቀመጥኩ ልናገር። አምና አንድ እርግዝና በአምስተኛው ወር ወርዶብኛል። ጊምቢቹ ድረስ ሄጄ ለቅሶ ደርሼ በመጣሁ በማግስቱ ነበር። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ «መንገዱ ነው፣ ምን አስኬደሽ?» አለኝ። ማንም በክፋት አላለውም። እኔም አመንኩ። ሐኪም ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ፈራሁት። ስለዚህ ሁለተኛው ሲመጣ፣ እማማ «እንደ እንቁላል ነው የምይዝሽ» ሲሉኝ፣ ይያዙኝ አልኩ። ጠዋት ቡላ በቅቤ፣ ማታ ቡላ በማር፣ በመሐል ለስላሳ። «ለሁለት ነው የምትበዪው» ይላሉ። እኔ እንኳ ለአራት ሳልበላ አልቀረሁም።

በስድስተኛው ወር ለክትትል ስሄድ ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘ። አዋላጇ ነርስ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የሐዲይኛ ቅላፄ ያላት ወጣት ናት። ካርዴን ትታ እኔን ታየኝ ጀመር።

«ቀኑን እንዴት ነው የምታሳልፊው?»

«ተቀምጬ።»

«ሌሊቱንስ?»

«ተኝቼ።»

«ምግብሽ?»

«ቡላ።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ግን ኮስተር ብላ ቁጭ አደረገችኝና አስረዳችኝ። ስኳሩ እንዲህ ከቀጠለ ልጁ ያለ ልክ ይተልቃል፣ ምጡ ይከብዳል፣ ለእሱም ለእኔም አስጊ ነው አለች። ሰው ሲንቀሳቀስ ጡንቻው ስኳሩን ይጠቀምበታል፤ ወገብም ይፈታል፣ እንቅልፍም ይመጣል፣ ለምጥ የሚሆን ጉልበትም ይጠራቀማል። «ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ። እየሄድሽ ማውራት መቻል አለብሽ፤ ትንፋሽሽ ካጠረ ቀስ በዪ። ካዞረሽ፣ ሆድሽን ከቆረጠሽ፣ ደም ካየሽ አቁመሽ ወደ እኛ ነዪ። ከባድ ነገር አትሸከሚ። ቡላውንም ቀንሺ።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ልትመረምረኝ ተቀጣጠርን። ስኳሩ ካልወረደ መርፌ ይጀመርልኛል።

ለእማማ ነገርኳቸው። «ያቺ ልጅ ወልዳለች?» አሉ።

«አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

እኔም ተደብቄ መሄድ ጀመርኩ። እሳቸው ከምሳ በኋላ ሱቅ ሲገቡ በጓሮ በር ሹልክ እላለሁ። ግን ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሆዷ የገፋ ሴት በእግሯ መሄድ አትችልም። የሚከለክል ሕግ የለም፤ ከሕግ የሚብስ ይሉኝታ ግን አለ። የመጀመሪያው ቀን መቶ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ የተማሪዬ አባት ነው። «ግቢ ቲቸር!»

«አይ፣ በእግሬ ልሂድ ብዬ ነው።»

«በዚህ ዝናብ? በዚህ ሆድሽ? ኧረ ሰው ምን ይለኛል!»

ገባሁ። ምን ላድርግ? ሰውየው ከልቡ ነው የሚለምነኝ። በማግስቱ ደግሞ የእማማ የዕድር ጓደኛ ጎትታ አስገባችኝና ገበያ ድረስ ወሰደችኝ፤ እዚያ ያገኘችኝ ሌላ ዘመድ በሌላ ባጃጅ ጭና ቤቴ ደጃፍ አወረደችኝ። በእግሬ ልሄድ ወጥቼ ሁለት ባጃጅ ተሳፍሬ ተመለስኩ! አንድ ሳምንት እንዲህ በደግ ሰዎች እጅ አለቀ። ደግነታቸው አንገበገበኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የቀሩትን ቀናት ስቆጥር ላብ ያጠምቀኝ ነበር። አምና በመሄዴ አጣሁ፤ ዘንድሮ ባለመሄዴ ላጣ ነው እያልኩ።

በስምንተኛው ቀን የቆመልኝን ባጃጅ ሁሉ እምቢ አልኩ። አንዱን «ተወኝ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ምስኪን ደነገጠ። በኮብልስቶኑ ዳር ዳር፣ ጭቃውን እየዘለልኩ፣ እስከ ኳስ ሜዳው ደርሼ ተመለስኩ። ዝናብ አበስብሶኛል፤ ግን ስንት ወር ታፍኖብኝ የነበረ አየር የገባልኝ መሰለኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ወሬው ቀድሞኛል። እማማ ሱቁን በሰው አስጠብቀው ደጅ ቆመዋል።

«አብደሻል? ይኼንንም ልትገድዪው ነው?»

ይኼንንም። ያቺ «ም» ልቤን ወጋችው። እኔም አፌን መያዝ አቃተኝ። «ልጁ የእኔ ነው! እርስዎ ምን ያውቃሉ? ገዳዩ መቀመጡና የእርስዎ ቡላ ነው!» አልኳቸው። አማቴን። ደጃፍ ላይ፣ ሰው እየሰማ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ውስጥ ገቡና የስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጡ። መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። ሱቅ ሳይኖራቸው በፊት ጨርቅ ተሸክመው እስከ አንጋጫ ገበያ ይነግዱ ነበር። ባሌን ከመውለዳቸው በፊት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆነው፣ መኪና ሲጠፋ፣ ሳይሸጥ የቀረውን ጥቅል አዝለው በጭቃ ረጅም መንገድ ሄዱ። ቤት ሳይደርሱ ምጥ ያዛቸው። «ሴት ነበረች። አልቅሳም ነበር፤ አንድ ጊዜ» አሉ። ለባሌ እንኳ ነግረውት አያውቁም።

እኔ የተናገርኩትን ቃል መልሼ ልውጠው ተመኘሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አልተመለሰልኝም። ጉልበታቸውን ስሜ «ይቅር ይበሉኝ እማማ» አልኩ። «ተነሺ ተነሺ፣ ሆድሽን ታጥፊዋለሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ቡላ አልቀረበም፤ ጎመን ነበር። ምሳ በልተን እንዳበቃን እማማ በሩ ላይ ቆሙ። የልጃቸውን አሮጌ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ጃንጥላ ይዘዋል። «በዪ እንሂድ። ግን ምንም ነገር አትይዥም፤ መሐረብም ብትሆን።» ቦርሳዬን ተቀበሉኝ፤ ስልኬንም ወሰዱ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ድንጋይ «ተጠንቀቂ» እያሉ ነፍሴን አወጡት። በሦስተኛው ቀን እኔን ጥለውኝ መሄድ ጀመሩ። ባጃጅ ሲቆምልን ደግሞ ጃንጥላቸውን ይነቀንቁበታል። «ሂድ አንተ! ልጄ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው!» ከተማው ገባው። በመጨረሻ ሹፌሮቹ ራሳቸው ፍጥነት ቀንሰው «ቲቸር፣ መድኃኒቱ እንዴት ነው?» ብለው ያልፉን ጀመር። እስቃለሁ፤ ሐሳቤ ግን አሁንም አልረጋ ይላል። የአምናው ነገር ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኛል። እማማንም የሚከተላቸው ነገር እንዳለ ከአረማመዳቸው አውቃለሁ። አናወራውም።

በቀጠሮው ቀን አብረን ገባን። ደሜ ተመረመረ። አዋላጇ ወረቀቱን አየችና «ወርዷል! በርቺ፣ እንዳታቋርጪ፤ መርፌ አያስፈልግሽም» አለችኝ። እማማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው በነጠላቸው ሸፈኑት። ልንወጣ ስንል ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድሮ ነው፤ የሰባት ወር እርጉዝ ሆኜ ጨርቅ አዝዬ ስሄድ ሴት ልጅ አጣሁ። ያን ቀን ባልሸከም ኖሮ፣ ባልሄድ ኖሮ፣ ትኖርልኝ ነበር?»

አዋላጇ ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እማማ፣ እሱን ዛሬ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እናትየዋ ያደረገችው ነገር አይደለም። የእርስዎ ጥፋት ነው ብሎ የሚፈርድ ቢኖር ግን አላወቀም። ኑሮ ነው ያሸከመዎት።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ወረደ። እኔም እያለቀስኩ ነበር። ዓመት ሙሉ ልጠይቀው የፈራሁትን ጥያቄ እሳቸው ጠይቀውልኛል፤ መልሱም ለሁለታችን ነበር።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። በር ላይ ባጃጅ ተሰልፏል። እማማ ቦርሳዬን በትከሻቸው አንጠልጥለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ዛሬ ምሳም አልበላን፤ በእግራችን ነው ወይስ በባጃጅ?» አልኳቸው።

«በእግራችን» አሉ።

ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ አልቆሙም። እኔም ወዴት ብዬ አልጠየቅኋቸውም። አልፈን ሄድን።