ሐሙስ ሐሙስ የደረደርኩት በገና

ዛሬ ጠዋት የበገናዬን አውታር ለመቀየር አዲስ የበግ አንጀት በሳህን ውኃ ውስጥ ነክሬ ነበር። ጠረኑ ቤቱን ሲሞላው ልጄ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ከፈተች። እኔ ግን ወደ ሳህኑ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። የእኔ ወጣትነት የሚሸተው እንደዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚያወራህ ማን እንደሆነ እወቅ። አናጢነትን የትም ገብቼ አልተማርኩም፤ የፒያሳ ፎቆችን የእንጨት ወለል ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በገናም ያስተማረኝ የለም። ሥላሴ አጠገብ አንድ አዛውንት ሲደረድሩ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ፣ የጣቶቻቸውን አካሄድ በዓይኔ ለቀምኩ፣ ቤቴ ገብቼ ራሴ በጠረብኩት በገና ደገምኩት። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ሰፈሬ እሪ በከንቱ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው።

በዚያ ዘመን ሦስት ምሁራን ፒያሳ በሚገኝ አንድ አሮጌ ፎቅ ውስጥ ጥናት ጀመሩ። አንዷ ሐኪም፣ አንዱ የሙዚቃ መምህር፣ አንዱ የሕንፃ ባለሙያ ነበሩ። የደም ግፊት ያለባቸውን አዛውንት በገና ያሳርፋቸው እንደሆነ፣ የሚሰሙበት ክፍልስ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ነው። ደርዳሪው እኔ ነበርኩ። የአዳራሹን ወለል ያደስኩትም እኔ ነበርኩ። ያለ እኔ ጥናት የሚባል ነገር እንደሌለ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ አዛውንቱ መጀመሪያ በትልቁ አዳራሽ፣ ቀጥሎ ከኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ይቀመጣሉ። የከሰዓት ፀሐይ በባለቀለሙ መስታወት ገብታ ወለሉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ትጥላለች። የወለሉ ሰምና የግፊት መለኪያው ጎማ ይሸታሉ። እደረድራለሁ፣ ሐኪሟ ይለካሉ። በትንሿ ክፍል ግፊታቸው ይወርዳል፤ በእኔ አዳራሽ ግን ይወጣል። በሁለተኛውም ሐሙስ ያው ሆነ።

የሕንፃው ባለሙያ ጣሪያው ከፍታው በዝቷል፣ ወለሉም ድምፁን ያስጮኸዋል አሉ። የሙዚቃው መምህር ጥፋቱን ወደ እኔ አዞሩት። ሰፊ ቤት ሳይ እንደምኮራ፣ ጣቴም እንደሚከብድ ካስረዱ በኋላ፣ “አንተ፣ ይሄ በገናህ ፈረስ ያስጋልባል እንጂ ልብ አያሳርፍም” አሉኝ። ሐኪሟ አልቀለዱም። በሦስተኛው ሐሙስም እንዲሁ ከሆነ የተማረ ደርዳሪ እንደሚያመጡ ነገሩኝ። “የተማረ” የምትለዋ ቃል ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። ያን ሁሉ ካወራሁ በኋላ በየትኛው ፊቴ ሰፈሬ ልገባ ነው? ወለሉን እንደገና ላግኩት፤ አሥሩንም አውታር ቀየርኩ።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ በገና ስይዝ ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ ያምርብኛል ብዬ ነው። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ፍርሃት አላስጨፍነኝ አለ። የአዳራሹ በር ከአዛውንቱ ፊት ለፊት ነው። እነሱ በጸጥታ እንዲሰሙ ብለው ምሁራኑ ወጥተው ይቆዩና፣ ለመለካት አንድ በአንድ ይገባሉ። መጀመሪያ ሐኪሟ ገቡ። ያን ጊዜ ሽማግሌውም አሮጊቷም ጉልበታቸውን በእጃቸው ገፍተው፣ ዜማው እንዳይቋረጥ በሹክሹክታ “ኖር” እያሉ ተነሱ። ሐኪሟም “በእግዜር” አሉና መለኪያቸውን አወጡ። እንግዳ ሲገባ መነሳት የኖርንበት ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ ምሁራን አንዱም ልብ አላለውም። በትንሿ ክፍል ግን በሩ ከጀርባቸው ስለሆነ የገባውን ሰው አያዩትም፣ አይነሱም።

በገናውን አቆምኩ። መምህሩ ከበሩ ላይ ማን አቁም እንዳለኝ ጠየቁ። እኔ ግን ከፊት ወደተቀመጡት ሽንኩርት ነጋዴ እናት ዞርኩ።

“እማማ፣ ጉልበትዎን እያመመዎት ለምን ይነሳሉ?”

“ታዲያ ሐኪሟ ቆማ እኔ ልቀመጥ? አሳዳጊ የበደለኝ አደረግኸኝ እንዴ፣ ልጄ? ገና ለእነዚያ ለሁለቱም እነሳለሁ።”

ሐኪሟ መለኪያውን እንደያዙ በሩ ላይ ወደቆሙት የሕንፃ ባለሙያ አይተው፣ “ግፊቱን የሚያወጣው መነሳቱ ነው፤ እኛ ጣሪያ ስንለካ ከረምን” አሉና ከሴትዮዋ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

በአራተኛው ሐሙስ በእኔ ምክር ሦስቱ ምሁራን ቀድመው አዳራሹ ገብተው ጥግ ያዙ። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲመጡ፣ ሦስቱም ለእያንዳንዳቸው “ኖር” እያሉ ተነሱ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ “በእግዜር ልጆቼ፣ አትነሱብኝ” አሉ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። ደረደርኩ። ጎማው ተንፍሶ ሲያበቃ ሐኪሟ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ “ወርዷል” አሉ። ደረቴ ላይ የከረመው ድንጋይ ተንከባሎ ወረደ። ያን ቀን ወደ ሰፈሬ ስወርድ እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ።

ያ ፎቅ ዛሬ የለም፤ ባለፍኩ ቁጥር በየት በኩል እንደነበር እየጠፋኝ ነው። ያደረግኩትን ግን አልረሳሁም። ምንም ጥፋት ያልነበረበትን ወለል ሁለት ጊዜ አሳምሬያለሁ። ሦስት ሙያ የተማሩ ሦስት ሰዎች ያላዩትን አይቻለሁ። በጥናታቸው ውስጥ “ደርዳሪው” ተብዬ ገብቻለሁ፤ ስሜን ባይጽፉትም ሰፈሩ ያውቀዋል። ዓይንን ገልጦ መደርደር ለምጃለሁ። ለሽንኩርት ነጋዴዋም ከዚያ በኋላ አራት ዐቢይ ጾም ቤታቸው እየሄድኩ ደርድሬላቸዋለሁ። በመጨረሻው ጾም አልጋ ላይ ነበሩ። በገናዬን አቅፌ ስገባ አንድ ክንዳቸውን ፍራሹ ላይ ተክለው ሊነሱልኝ ሞከሩ፤ ለእኔ። ሮጬ ትከሻቸውን ያዝኩ፤ “በእግዜር፣ እማማ” ብዬ መልሼ አስተኛኋቸው።