ቀይ ነጥብ ያለባት ብሎን

ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም።

ስሙን ያወጣለት ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት የሚያስተምርበትን የበረራ ትምህርት ቤት ሸሚዝ ከነትከሻ ምልክቱ እንደለበሰ ሳሙና ሊገዛ ገባ። «እሺ ካፒቴን፣ ምን ልታዘዝ?» አለ ባለሱቁ። መምህሩ ሊያርመው አፉን ከፈተ። ሳሙናው መጣ፣ መልሱ መጣ፣ ከኋላው ሌላ ገዢ ገፋው፤ ወጣ። በማግስቱ ለማረም የረፈደ መሰለው። በሳምንቱ ስሙ ጣመው። አሁን የሰፈር ሕፃናት ሳይቀሩ «ካፒቴን፣ እንደምን አደሩ» ይሉታል፤ እሱም ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። የማትምረው ሚስቱ ብቻ ናት። «ካፒቴን፣» ትለዋለች፣ «የማድ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ውረድና እየው።»

እውነተኛ ሙያው ጥገና ነው። በወጣትነቱ የአውሮፕላን መሣሪያ ጥገና ክፍል ተቀጥሮ፣ ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ በወረንጦ ሲሠራ ኖረ። ሰው ሠራሽ አድማስ የሚባለውን መሣሪያ እንደሱ የሚያውቀው የለም። መሣሪያው ክብ ነው፤ ላዩ ሰማያዊ፣ ታቹ ቡናማ። ውስጡ እንደ እንዝርት የሚሾር ጎማ አለ። አውሮፕላኑ ሲጋድል ጎማው አይጋድልም፤ ስለዚህ ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ ሰማይና ምድሩን እዚያ ላይ ያነባል። መምህሩ ጠግኖ በጨረሰው መሣሪያ ሁሉ፣ ፊት ለፊት ካሉት ብሎኖች በአንዷ ራስ ላይ ቀይ የቀለም ነጥብ ያደርጋል። «እኔ ዘግቼዋለሁ፤ ከኔ ወዲህ የነካው የለም» ማለቱ ነው። ዛሬም ለትምህርት ቤቱ አውሮፕላኖች የሚጠግነው እሱ ነው።

መምህር የሆነው በአጋጣሚ ነው። የመሣሪያ ትምህርት አስተማሪው ታመመና «እስኪመለስ ያዝልን» አሉት። ያዘ። እንደያዘ ቀረ።

ተማሪዎቹ «መርፌ» ይሉታል። ግማሹ «መርፌዋን እመን» ስለሚል ነው፤ ግማሹ ምላሱ ስለሚወጋ። ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ከአሮጌ አውሮፕላን የተቆረጠ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የፍጥነቱ፣ የከፍታው፣ የአቅጣጫው መለኪያ፣ ሁሉም በቦታቸው። ከክፍሉ መሃል ደግሞ ወንበሩ አለ።

ወንበሩ ተራ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ነው፤ ኩሺኔታው ተቀይሮ እንደ ቅቤ ይዞራል። ተማሪው ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ ይቀመጣል። ቀስ ብለው ያሽከረክሩታል፤ ወዴት እየዞረ እንደሆነ በአውራ ጣቱ ያሳያል። መጀመሪያ ልክ ነው። ትንሽ እንደቆየ አውራ ጣቱን ሽቅብ ያቆማል፤ «ቆሜያለሁ» ማለቱ ነው፤ ወንበሩ ግን እየዞረ ነው። ወንበሩ የምር ሲቆም ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይጠቁማል። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል።

«አየህ?» ይላል መምህሩ። «ጆሮህ ውስጥ ያለችው ውሃ ናት የምትዋሽህ። በጠብታ ውሃ ተማምነህ ስንቱን ተሳፋሪ ልትጨርስ ነው?»

አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ ከወንበሩ ስትወርድ ጫማው ላይ ልታስታውክበት ደረሰች። ባልዲ አቀረበላትና፣ «ይቺ ከጎንሽ አትለይ» አላት። ተሳቀ። እስክትመረቅ ድረስ ስሟ «ባልዲ» ሆኖ ቀረ። አሁን ያቺው ልጅ በዚያው ትምህርት ቤት የበረራ አሠልጣኝ ሆናለች። ግቢ ውስጥ ስታገኘው «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ» ትለዋለች። እሱም «ደህና ልጄ» ይላታል። «ልጄ» የሚላት ስሟ ስለሚጠፋበት ነው። ቅጽል ስሟን ግን ረስቶ አያውቅም።

ከዘንድሮዎቹ ተማሪዎች መካከል አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበረ። ከሌሎቹ በዕድሜ ይበልጣል። አብራሪ እሆናለሁ ብሎ ሥራውን ለቋል፤ መሪውን ለሌላ ሰው አስረክቧል፤ እዚህ ካልሆነለት የሚመለስበት የለውም። «ጋሼ፣ መኪና እኮ በመቀመጫ ነው የሚነዳው» ብሎ ጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት። «ኮረኮንቹም፣ ጎማው መተንፈሱም፣ ቁልቁለቱም መጀመሪያ በመቀመጫህ ነው የሚመጣልህ።»

«እዚህ መቀመጫህ ለመቀመጥ ብቻ ነው» አለው መርፌ።

ሹፌሩም ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከአሠልጣኟ ጋር ውጭውን የሚከልለውን ቆብ አጥልቆ፣ በመሣሪያ ብቻ ሲበር፣ ሰው ሠራሽ አድማሱን አላምን አለ። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ተከራከራት። እሷ «ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልገዋል» ብላ አለፈችው። ወሬው መምህሩ ጆሮ ሲደርስ ግን ደሙ ፈላ። የተሟገተው ከእሱ እጅ ሥራ ጋር ነበርና። ቀጥ ብሎ የዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ።

«ይሰናበት» አለ። «መሣሪያ የማያምን ሰው ነገ ተራራ ውስጥ ይሰነቅረናል።»

ዳይሬክተሩ በዕድሜ ያንሰዋል። «አርብ በስብሰባ እንወስናለን። ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ የሚቃወም የለም። ደግሞ ሳልረሳው፣ የክፍል መምህራን በዓመት አንዴ እንዲበሩ ተወስኗል። የእርስዎ ተራ ረቡዕ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ፣ «እንግዲህ ዛሬስ ካፒቴን ልትሆን ነው» አለችው። ባለሱቁም «መልካም በረራ!» ብሎ እጁን አወዛወዘ። ይህንን ሲሰማ መምህሩ ደረቱ ነፋ አለ።

የምታበርረው ባልዲ ነበረች። ትንሿ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ሰው ሠራሽ አድማሱ ላይ ነው። ከታች በግራ በኩል ያለችው ብሎን ራስ ላይ ቀይ ነጥብ። የእሱ ናት።

መጀመሪያ ላይ ሞቅ ብሎት ነበር። ከመሬት ጣቢያ የሚላከውን የሬዲዮ ምልክት የሚቀበለውን መሣሪያ ራሱ አስተካከለው፤ መርፌው ሲነቃነቅ፣ «አሁን ወደ ጣቢያው እየሄድን ነው፤ ልክ ከላዩ ስናልፍ ይዋልላል፣ ከዚያ ይገለበጣል» አላት። ጣቢያው ላይ ሲደርሱ መርፌው ዋለለ፣ ተገለበጠ። «አላልኩሽም?» አለ፤ መርፌውን ገፍቶ የገለበጠው ራሱ ይመስል።

«ብለዋል፣ ጋሼ» አለች። «አሁን ቆቡን ያጥልቁ።»

ቆቡ የጋሪ ፈረስ መከለያ ይመስላል፤ ከመሣሪያው ሰሌዳ በቀር የሚያሳየው የለም። ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን እንዲደፋ ነገረችው። ቆየ። ሞተሩ አንድ ዓይነት ያጉረመርማል። ምንም የተለየ ነገር አልተሰማውም። በመጨረሻ፣ «ይክፈቱ፤ መሪውን ይያዙ፤ ቀጥ አድርገው ይውሰዱኝ» አለች።

ዓይኑን ሲገልጥ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተጋድሏል። ሰውነቱ በሙሉ እንደዚያ ነው ያለው፤ ትከሻው፣ ዳሌው፣ የሆድ ዕቃው። ሰው ሠራሽ አድማሱ ግን ቀጥ ብሏል።

«ወደ ግራ ጋድለናል» አለ።

«መሣሪያው ምን ይላል?»

«ተጣብቋል።»

«ሌሎቹስ?»

የአቅጣጫው መለኪያ አይነቃነቅም። የመታጠፊያው ጠቋሚም መሃል ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ቃል ይመሰክራሉ። እጁ ግን ከእነሱ ምስክርነት ቀድሞ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ሰውነቱ ተደላደለ። እፎይ አለ። በዚያው ቅጽበት ሰማያዊውና ቡናማው ተንሻፈፉ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ። «አላልኩሽም? ተበላሽቷል!»

ጣቱን ቀስሮ ያሳያት ነበር። ጣቱ ያረፈው ቀዩዋ ነጥብ አጠገብ ነው።

አሠልጣኟ እጇን ዘርግታ ቆቡን አነሳችለት። በቀኙ መስኮት ቁልቁል የቆርቆሮ ጣሪያዎች ታዩት፤ በግራዋ መስኮት ሰማይ ብቻ። አውሮፕላኑ በቀኙ ሊተኛ ምንም አልቀረው። ያስተኛው እሱ ነው። ልጅቱ በሁለት ጣቷ መሪውን መለሰችውና ቀና አደረገችው። መሣሪያውም አብሮ ቀና አለ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር፤ መሬቷ ግን ሩቅ ናት። ሲያርፉ የተኮሰው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ወርደው እሷ የክንፉን ገመድ ስታስር፣ «ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፣ ጋሼ» አለችው። «ዓይንዎን ጨፍነው ሳሉ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ አጋድዬ ቀና አድርጌው ነበር፤ እንደ ወንበሩ ነው። ሰውነት በመስማት አይማርም። ደጋግሞ ሲበር ነው የሚለምደው።»

«አንቺም ላይ?»

«እኔማ ባልዲ አልነበርኩ?» ብላ ሳቀች። የሆዷ ሳቅ ነው፤ ቂም የለበትም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ቤቱ ሲገባ እህል አልበላም አለ። ሚስቱ አየችውና ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «ምን ሆንክ? ወደቅክ?»

ነገራት። ስለ ቀዩዋ ነጥብም ጭምር ነገራት። ቧንቧው ማድ ቤት ውስጥ ያንጠባጥባል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች። «ሹፌሩንስ አርብ ልታስባርረው ነው?»

«የሰማ የለም። ልጅቱ አትናገርም።»

«እንዴት አወቅክ?»

«አውቃታለሁ። አትናገርም።»

«አየህ፣» አለች ሚስቱ ሳህኑን እያነሳች፣ «ብትናገር እኮ ያንተ ሸክም በቀለለ።»

አርብ ሁሉም ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ የሹፌሩን ጉዳይ አነሳና፣ «መምህሩ ይሰናበት ብለዋል፤ አስተያየት ከሌለ እንለፍ» አለ። አሠልጣኟ ትይዩው ተቀምጣለች። አፏን ልትከፍት ስትል ቀና ብሎ አያትና ቀደማት።

«ሐሳቤን ለውጫለሁ» አለ። «ረቡዕ እኔም ተበላሽቷል ብያለሁ። ያልኩት ራሴ የጠገንኩትን መሣሪያ ነው። መሪውን የጠመዘዝኩት እኔ፣ የወነጀልኩት መሣሪያውን። እሱ የሚባረር ከሆነ...» አልጨረሰውም። ያዘጋጀው ንግግር ነበረ፤ ከአፉ ላይ ጠፋበት።

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «እርስዎ? መርፌ?» ሌሎቹም ተከተሉት። «ጋሼ ሲራሩ አያውቁበትም፣ ለልጁ ብለው ራሳቸውን ከሰሱ እኮ!» አለ አንዱ። ሹፌሩ ተጨማሪ የበረራ ሰዓት እንዲሰጠው ተወሰነ። መምህሩ አሠልጣኟን አያት፤ እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ሲገቡ ሹፌሩ ቀድሞ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ውለታዎን ምን ልክፈለው? ለኔ ብለው ራስዎን አዋረዱ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ግቢው በሙሉ። እኔን ለማትረፍ ዋሽተው ነው አሉ።»

መምህሩ ሳሙናውን አስታወሰ። መልሱን ተቀብሎ የወጣበትን ቀን አስታወሰ። አሁን ካላረመ ነገ ይረፍዳል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይጥመዋል። ፊቱ እሳት ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቁንም አንስቶ ዓይኑን ራሱ አሰረ።

«ና አሽከርክረኝ።»

«እርስዎን? ኧረ ጋሼ ምን ነካዎት...»

«አሽከርክረኝ አልኩህ!»

የሹፌሩ እጅ ለስላሳ ነው፤ አውቶቡስ ሙሉ የቆመ ሰው ሳይንገዳገድበት ማቆም የለመደ እጅ። ወንበሩ ዞረ። መምህሩ በአውራ ጣቱ ቀኝ አለ። ቆይቶ ሽቅብ አቆመው። ቆይቶ ደግሞ መላ ሰውነቱ ወደ ግራ ይከንፍ ጀመር። ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ስንቴ አስተምሮታል። አውራ ጣቱን ሽቅብ ቢያቆም ልክ ይሆናል፤ ክፍሉም ያጨበጭብለታል። ግን የተጠየቀው የሚያውቀውን ሳይሆን የሚሰማውን ነው።

አውራ ጣቱን ወደ ግራ ጠቆመ።

የሳቀ የለም።

«እየዞርኩ ነው?» አለ።

«ከቆሙ ቆዩ እኮ፣ ጋሼ» አለ ሹፌሩ በለሆሳስ።

መምህሩ ጨርቁን ከዓይኑ አወረደ። ግድግዳው ላይ ያሉት መሣሪያዎች ተያይዘው ይዋኛሉ። «አላመናችሁም ነበር፤ ይኸው» አለ። «ሳቁ። ሌላው ሲሆን ትስቁ የለ?»

መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ፈራ ተባ እያለ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። በመጨረሻ ሹፌሩም አልቻለም፤ አፉን በእጁ ይዞ ተንፈቀፈቀ። መምህሩ የወንበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ ምራቁን ሁለት ጊዜ ዋጠ።

«ባልዲ» አለ። «ባልዲ አምጡልኝ።»