የጋሻው ባጅ

የአባባ ዓይን ከደከመ ወዲህ የዘመቻ ባጆቻቸውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ባጆቹ የተቀመጡበትን የብስኩት ቆርቆሮ ስከፍት የኑግ ዘይትና የብረት ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ይነካኛል፤ ወዲያው የስምንት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

አባባ የምላቸው አያቴን ነው። በወጣትነታቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬውን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ከባጆቹ ሁሉ የሚሳሱለት ግን የራሳቸውን አልነበረም፤ የጓደኛቸውን የጋሻውን ነበር። ጋሻው ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ አካባቢ አብሯቸው ሲያስተምር ታሞ እዚያው ቀረ። ባጁ ጀርባ ላይ በመርፌ ስሙን ጭሮበት ነበር፤ ከእጅ ጽሑፉ የተረፈው ይኸው ብቻ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላውቅም፤ ልጆች ባጁን እንድንነካ አይፈቀድልንም ነበር።

አባባ ስንት ዓመት አፈላልገው የጋሻውን እህት አገኟቸው። እትዬ ይታይሽ ይባላሉ። ለፋሲካ ሰሞን ባጁን ሊወስዱ ከጉንደ ወይን ወደ እኛ ከተማ ወደ አማኑኤል እንደሚመጡ ተሰማ።

በእኛ ቤት በዓል ሲደርስ ዕቃው ሁሉ በአመድና በሎሚ ይፈተጋል። ትሪው የእኔ ድርሻ ነበር። ትሪውን ስጨርስ ሥራው ጥሞኝ ባጁን አነሣሁ። እንግዳ ሊወስደው አይደል? ያብረቅርቅ እንጂ! አረንጓዴው ዝገት እየለቀቀ ሲሄድ ደስ አለኝ። ጀርባው ላይ ያለው ደግሞ ጭረት መሰለኝ፤ አሸዋ ጨምሬ ልስልስ እስኪል ፈተግሁት።

አባባ ሲያዩት አልጮኹም። ቁጭ አሉ። «ምነው እሱን ከምትፈትጊ እኔን በፈተግሽኝ!» አሉ።

እናቴ ቀስ ብላ፣ «ሴትዮዋ እንደሆን ማንበብ አይችሉ፤ ዝም ብንልስ?» አለቻቸው።

«እንዲህ ያለ ቃል ከቤቴ እንዳልሰማ!»

እትዬ ይታይሽ መጡ። ባጁን ሳሙት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ስሙን ጽፎበታል ብላችሁኝ አልነበር? የታለ?»

አባባ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። «እኔ ነኝ እትዬ። በአመድ ፈተግሁት።» እንባዬ መጣ።

እትዬ ይታይሽ ባጁን እያዩ፣ «ለሰው ሁሉ ፊደል ሲያስቆጥር እኔን ሳያስቆጥረኝ ሄደ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንች፣ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ?»

«ሁለተኛ ክፍል ነኝ።»

«እንግዲያ መርፌ አምጭና ጻፊበት። ቀስ እያልሽ፤ እኔም ልየው።»

ቀስ እያልኩ ጻፍኩ። አንዱን ፊደል ስጨርስ «ይኸ ማን ይባላል?» ይሉኛል። «ጋ» እላለሁ፤ «ጋ» ይላሉ። «ሻ» ተንጋደደብኝ፤ «ው» ከጠርዙ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። መኪና ሲሳፈሩ ሦስቱን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ነበር።

አሁን ደብረ ማርቆስ ነው የምማረው፤ ቅዳሜና እሑድ ነው ወደ ቤት የምመጣ። ባጅ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅና በጠብታ ዘይት እንጂ በአመድ እንደማይነካ አውቃለሁ። ጽሑፌም፣ መምህሬ ይመስክሩ፣ አምሮበታል! ከተማው ውስጥ ብረት ላይ ስም በማሽን የሚቀርጽ ሱቅ አየሁና ባለፈው ለእትዬ ይታይሽ ደወልኩላቸው። «ያንን የተንጋደደውን አስተካክዬ ላስቀርጽልዎ?»

«ተይ እታለም» አሉኝ። «ሌላ ሰው ከጻፈው ማንበብ አልችልም።»